የመጠጥ ውሃን በመኪና ጭኖ ከድሬዳዋ ወደ በረሃ እንዴት መውጣት ይቻላል?

ከድሬዳዋ ተነስቶ በሽንሌ በኩል ወደ ሐዲጋላና አይሻ የሚዘልቅ ተጓዥ፣ ከአስፋልት ወጥቶ ደረቅ የአሸዋ ወንዞችን እየተሻገረ በረሃ ለማደር ካሰበ፣ ለውሃው ከነዳጁ ባላነሰ ሊጠነቀቅ ይገባል። ውሃ መንገድ ላይ የሚያልቀው ተጠጥቶ ብቻ ሳይሆን በአጫጫን ጉድለት ፈስሶም ነውና።

መጀመሪያ መጠኑ ይወሰን። በዚያ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር የመጠጥ ውሃ መያዝ ተገቢ ነው። ሦስት ሰዎች ለሁለት ቀን ሲወጡ 30 ሊትር፣ መኪናው ቢበላሽ ለአንድ ቀን መጠባበቂያ 15 ሊትር፣ ለምግብና ለመታጠቢያ ሌላ 15 ሊትር ሲታከል ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ይሆናል። ሁሉንም በአንድ በርሜል መያዝን አልመክርም፤ አንድ ቀዳዳ ሁሉንም ያሳጣል።

ጀሪካኑ አዲስ ቢሆን ይመረጣል። ዘይት የነበረበት ቢጫ ጀሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦም ፀሐይ ሲመታው ሽታው ይመለሳል፤ ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት ደግሞ ፈጽሞ ለመጠጥ አይሆንም። የክዳኑን ላስቲክ ለመፈተሽ ጀሪካኑን ሞልቶ፣ በጎኑ አስተኝቶ ማሳደር ይበቃል።

አስቸጋሪው ሥራ ማሰሩ ነው። ሦስቱ ጀሪካኖች ሲሞሉ ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ከተጫኑ መኪናው በወንዝ ዳር ሲያዘነብል የመገልበጥ አደጋውን ያብሳሉ። ተገቢው ቦታ ከፊት ወንበሮች ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት ያለው ወለል ነው። ወለሉ ላይ ግን የብሎን ጭንቅላት ወይም የብረት ጠርዝ ካለ፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ ጀሪካኑን እንደ ሞረድ ይፈገፍገዋል። ቀዳዳው ዓይን የማይለየው ስለሚሆን ውሃው ከምንጣፉ ሥር ይሰርጋል፤ ባለቤቱ የሚነቃው ማታ ጀሪካኑን ሲያነሳና ሲቀልለው ነው። ስለዚህ ከሥር ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ፤ በጀሪካኖቹም መካከል የታጠፈ ጆንያ ይግባ። ከዚያ ሰፊ የጭነት ቀበቶ በጀሪካኖቹ አናት ላይ አልፎ ይወጠር እንጂ በእጀታቸው አይለፍ፤ እጀታ ለማንሻ እንጂ ለማሰሪያ አልተሠራም። የናይለን ገመድ ስለሚለጠጥ አልወደውም። ጀሪካኑን ሲወዘውዙት መኪናው አብሮ ካልተወዘወዘ ገና አልታሰረም። ጥቂት ኮረኮንች ከተነዳም በኋላ ጭነቱ ስለሚረጋ፣ ቆሞ ቀበቶውን ዳግም ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ጀሪካን እስከ አፉ ይሞላ። ጎደሎው ውስጥ ውሃው ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ማሰሪያውን ስለሚያላላ፣ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን አለመክፈት ይሻላል። ከሐረር የሚነሳ ሰው ጎደሎ ጀሪካን አጥብቆ ዘግቶ በደንገጎ ቁልቁለት ከወረደ፣ ድሬዳዋ ሲደርስ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊያገኘው ይችላል። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ 1,200 ሜትር ገደማ ወዳላት ሲወረድ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚጨምር ነው እንጂ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም።

የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። ያው ቅርፊት ራዲያተርንም ስለሚደፍን፣ ለሞተሩ ኩላንት ለብቻው መያዝ ይገባል፤ ኩላንት መርዝ በመሆኑ የሚያዝበት ዕቃ ከውሃው ጀሪካን በመልክም በቀለምም የተለየ ይሁን።

መንገድ ላይ ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳ ከሆነ፣ የደፈረሰው በንጹህ ጨርቅ ይጠለል፤ ከዚያም የውሃ ማከሚያው በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ተጨምሮ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ። ይህ ውሃ ባዶ በሆነው ጀሪካን ለብቻው ይያዝ እንጂ ከቤት ከመጣው ጋር አይቀላቀል።