ባልደረባ «ላግዝሽ?» ስትል

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሌሊት ተረኛ ለሆናችሁ ነርሶች፦ ባልደረባችሁ «ላግዝሽ?» ስትል «ግዴለም፣ እችለዋለሁ» አትበሏት። አንድ የተለየ ሥራ ስጧት፤ «የአራት ቁጥር አልጋዋን እናት የደም ግፊት ለክተሽ ቻርቷ ላይ ጻፊልኝ» በሏት። ማን ምን እንደሠራ ይታወቃል፣ ሥራም አይደገምም። እርሷ ስትለካ እናንተ ተቀመጡ፤ ሌላ ሥራ አትጀምሩ። ከባዱ ይህ ነው! በሥራ ጫና መዛል (በርንአውት) ስንፍና አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ በበሽታዎች ምደባው ውስጥ አስፍሮታል። በደሴ ብርድ አስታማሚዋ ከፔርሙዟ ሻይ ስትቀዳላችሁ፣ «ይስጥልኝ እማማ» ብላችሁ ተቀበሉ። ታካሚ ሞቶባችሁ «አይዞሽ» የሚላችሁን ሰው ሸሽታችሁ ዕቃ ክፍል አትግቡ። የተረኛ ኃላፊዋ «አረፍ በይ» ካለቻችሁ ታካሚዎቻችሁን በደንብ አስረክባችሁ ውጡ።