ጃፓን ውስጥ ያረጀ ኮንዶሚኒየም ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቶኪዮ ወይም ከኦሳካ ወጣ ባሉ ከተሞች በ3 ሚሊዮን የን የሚሸጡ አሮጌ ኮንዶሚኒየሞች አሉ። የውጭ ዜጋ እንዳይገዛ የሚከለክል ሕግም የለም። ቤት መግዛት ግን የመኖሪያ ፈቃድ አያስገኝም። ዋናው ወጪም የሚመጣው ከግዢው በኋላ ነው።

በማስታወቂያው የትርፍ መቶኛ መማለል። እስቲ አብረን እናስላ። ቤቱ 3 ሚሊዮን የን፣ ኪራዩ በወር 40,000 የን ነው እንበል። በዓመት 480,000 ይሆናል፤ ማስታወቂያው "16 በመቶ" ይላል። አሁን የሕንፃው አስተዳደር ክፍያና የጥገና መዋጮ በወር 22,000 ቢሆን፣ በዓመት 264,000 ሄደ። የንብረት ግብር 40,000፣ ኪራይ ለሚሰበስብልዎ ድርጅት ደግሞ 24,000 ይቀነስ። የቀረው 152,000 ነው፤ ወደ 5 በመቶ ወረደ ማለት ነው። የውሃ ማሞቂያው ከተበላሸ የዓመቱ ትርፍ እሱው ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ቤቱን አይቶ የሕንፃውን ካዝና አለማየት። ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር በየወሩ የጥገና ገንዘብ ያጠራቅማል። በየ12 እስከ 15 ዓመቱ የውጭ ግድግዳውና ጣሪያው ይታደሳል፤ ቧንቧና ሊፍትም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ብዙ ሕንፃዎች ሲሸጡ ገዢ እንዳይሸሽ መዋጮው ዝቅ ተደርጎ ነው የተጀመረው። ካዝናው ከጎደለ ወይ መዋጮው ይጨምራል፣ ወይ ከእያንዳንዱ ባለቤት በአንዴ ይጠየቃል። የቀድሞው ባለቤት ያልከፈለው ውዝፍም በሕግ ወደ ገዢው ይዞራል።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ደላላውን "ጁዮ ጂኮ ቾሳ ሆኮኩሾ" የተባለውን የአስተዳደር ድርጅቱን ሪፖርት ይጠይቁት። የተጠራቀመው ገንዘብ፣ ውዝፉ፣ የማኅበሩ ብድር እዚያ ላይ ይገኛል። የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችንም ያስተርጉሙ። የቧንቧ ማፍሰስ በየዓመቱ እየተነሳ ውሳኔ ካላገኘ፣ ያ ወጪ እርስዎን እየጠበቀ ነው።

የተሠራበትን ዓመት ብቻ ማየት። አዲሱ የመሬት መንቀጥቀጥ መስፈርት የጸናው ሰኔ 1 ቀን 1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የሚቆጠረው የግንባታ ፈቃዱ ቀን ነው። በ1982 ያለቀ ሕንፃ በአሮጌው መስፈርት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

"ከባቡር ጣቢያ 10 ደቂቃ" የሚለውን እንዳለ መቀበል። በማስታወቂያ ላይ አንድ ደቂቃ 80 ሜትር ነው። ዳገቱና የትራፊክ መብራቱ አይታሰብም። ከ1971 ጀምሮ ሰው በገባበት፣ ታማ ኒው ታውን በሚባለው የቶኪዮ ዳርቻ ሰፈር፣ ሊፍት የሌላቸው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች አሉ። ነዋሪው ደግሞ አርጅቷል። አምስተኛ ፎቅ የረከሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ተከራይ ያለበትን ቤት ውስጡን ሳያዩ መግዛት። ብዙ ጊዜ ገብተው እንዲያዩ አይፈቀድልዎትም። በመደበኛ ውል የገባን ተከራይ ደግሞ ሕጉ አጥብቆ ይጠብቀዋል፤ ያለ በቂ ምክንያት አያስወጡትም።

"ካልሆነ እሸጠዋለሁ" ማለት። አዲስ አበባ ላይ ቤት ገንዘብ ማስቀመጫ ነው፤ ዋጋው ይጨምራል ብለን ነው የምንገዛው። እዚያ ያረጀ ሕንፃ ብዙውን ጊዜ እየረከሰ ነው የሚሄድ። ኒጋታ ግዛት ዩዛዋ የሚባል የበረዶ መዝናኛ ከተማ ውስጥ በ100,000 የን ብቻ ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶች ነበሩ። ባዶም ቢሆኑ ወርሃዊው ክፍያ ስለማይቆም ባለቤቶቹ መገላገል ነበር የፈለጉት። ከመግዛትዎ በፊት በዚያው ሕንፃ ስንት ቤት ለሽያጭ እንደወጣና ለምን ያህል ጊዜ ገዢ እንዳጣ ያጣሩ።