ከቡሄ በኋላ የተተከለ ጎመን ለምን ይጠወልጋል? የጎንደር ጓሮ ችግርና መፍትሄ

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ይህን አምኖ ነሐሴ 14 ቀን ዶማ የሚያነሳ ሰው ብዙ ነው። ዝናቡ ግን እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ካባራ በኋላም ዋልካ አፈር የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም። በአዘዞና በደምቢያ ሜዳ ጓሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ወቅት የሚተከል ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ደጋግሞ የሚበላሸው በተባይ አይደለም፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው።

ችግኙ በተተከለ በሳምንቱ የታች ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠወልጋል

እዚህ ላይ አንዱ «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎ ያጠጣል፣ ሌላው ዩሪያ ይበትናል። ሁለቱም ችግኙን ይጨርሱታል። መጀመሪያ አንዱን ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው። የታፈነ ሥር ቡናማ ይሆናል፤ በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ ስታደርጉት ልጡ ተገፎ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ መሃሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቻ ይታያል። ቀጥሎ ከአጠገቡ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ከታች ውሃ ካቆረ ወይም አፈሩ የብስባሽ ሽታ ካለው ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ሥር አየር ሲያጣ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ተክሉ ውሃ መሃል ቆሞ የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

መፍትሄው መደብ ከፍ ማድረግ ነው። ስፋቱ 1 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ከሰፋ መሃሉን ለማረም መደቡን መርገጥ ይመጣል፣ የተረገጠ ዋልካ ደግሞ መልሶ ውሃ ይቋጥራል። ከፍታው በዋልካ ላይ ከ20 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ በተዳፋቱ ሰፈር ቀይ አፈር ላይ 10 ይበቃል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ትኩስ እበት አታስገቡ፤ ሥር ያቃጥላል። በመደቦቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ አውጡ። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው! ሥራው ሁሉ ተሠርቶ ጫፉ በአጥር ድንጋይ ተዘግቶ የሚገኝበት ጓሮ ስንት ነው። ተዳፋት ላይ ደግሞ ቦዩ ጋደም ብሎ ይሂድ እንጂ ቁልቁል አይውረድ፤ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል።

ከሁሉ በላይ ዋልካን እርጥብ ሳለ አትቆፍሩ። አንድ እፍኝ ጨብጡ፤ እንደ ሊጥ ጣት ላይ ከተጣበቀ መሬቱን ተዉት፣ በአውራ ጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ግቡ። እርጥቡን የቆፈረ ሰው መስከረም ላይ እንደ ጡብ የደረቀ ጓል ያገኛል፤ ጥቅምት ላይ ያው መሬት ተሰነጣጥቆ የተረፈውን ሥር ይበጥሳል። ለዚያ ዓመት መመለሻ የለውም።

ቀድማችሁ ተክላችሁ ከሆነ ሥራቸው ነጭ የሆኑትን ማትረፍ ይቻላል። ከግንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቅደዱና ውሃውን አስወጡ። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ማዳበሪያ አይነካው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ጎመን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ፣ ከግንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ አፈር ለብሶ ይበቃዋል። በእፍኝ መበተን ማቃጠል ነው።

መደብ ላይ የበቀለው ችግኝ በአንድ ሌሊት ይጋደማል፤ ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው

ግንዱ አፈሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ቀጥኖ ከጠቆረ ፈንገስ ነው። የወደቀው አይድንም። መንስኤው ጥቅጥቅ ብሎ መዘራቱ፣ ማታ ማታ መጠጣቱና ከበቀለም በኋላ ሣር እንደተከደነበት መቆየቱ ነው። ጎመን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ ብቅ ማለት ሲጀምር ሣሩን በዚያው ቀን አንሱ። የወደቀውን ከነአፈሩ አውጡ፣ የቀረውን አሳሱ፣ የላዩ አፈር ካልደረቀ አታጠጡ፣ ስታጠጡም ጠዋት ይሁን። እንደገና ስትዘሩ ቦታ ቀይሩ፤ በመስመሮች መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ ለዘሩም 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል።

ግንዱ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ያድራል

ቆራጭ ትል ነው። ጠዋት ከሥሩ ያለውን አፈር 3 ሳንቲ ሜትር ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ፤ ግደሉት። ለቀሩት ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቀለበት ቆርጣችሁ ግንዱ ዙሪያ ትከሉ።

የጎመኑ እምቡጥ ላይ አመድ የመሰለ ነገር

ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ዝናቡ ሲቆም ይመጣል። በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ የቅጠሉን ጀርባ እጠቡ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል።

ቲማቲም ወይም ድንች ቅጠሉ ላይ ጥቁር እርጥብ ነጠብጣብ፣ ከቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ

ዋናው የእርጥበት በሽታ ነው፤ ነቅላችሁ ከጓሮ አርቁት፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። ቲማቲምን ከመስቀል በፊት ደጅ አታውጡ።

በጥቅምት መሬቱ ሲሰነጠቅ

ስንጥቁ ከመታየቱ በፊት፣ ዝናቡ እንዳቆመ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፤ ከግንዱ ሁለት ጣት ይራቅ። ፍሬ የያዘ ሣር ግን አረም መዝራት ነው።

ጭራሽ የማይበቅል ዘር

ገበያ ላይ ተከፍቶ በጣሳ የሚሰፈር፣ የታሸገበት ቀን የሌለው ዘር አትግዙ። በተለይ የሽንኩርት ዘር ዓመት ካለፈው ጉልበቱ ይደክማል። ከመዝራታችሁ በፊት 20 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልሉ፤ ጎመን በሳምንት፣ ካሮት በሁለት ሳምንት መታየት አለበት። ከ10 በታች ከበቀለ መደባችሁን አታባክኑበት።