ዘይት የሌለው የጾም አስቤዛ አዳማ ላይ በትንሽ ብር እንዴት ይገዛል

ባለ አምስት ሊትር ዘይት ከሺህ ብር አልፎ ከሄደ ወዲህ ብዙ ሰው ሳይወድ በግዱ ዘይት ቀንሷል፣ አንዳንዱ ሀኪም ነግሮት ነው፣ አንዳንዱ ህማማት ሲገባ ዘይት ስለማይቀምስ ነው፣ አንዳንዱም ቃር ሰልችቶት። ምክንያታችሁ ምንም ይሁን ምን ጥያቄው አንድ ነው፣ ዘይት የሌለበት የጾም ምግብ ለመስራት ምን ገዝቼ ልግባ፣ ከየትስ ልግዛ። ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ ሱፐርማርኬት ይገባና "ጤናማ" ተብሎ የታሸገ ነገር እያነሳ ዋጋውን አይቶ ይመልሳል። እኔ የምለው በተቃራኒው ነው፣ ሱፐርማርኬት መጨረሻ ላይ ነው የሚኬደው። ፋብሪካ ያልነካው ነገር ርካሽም ነው ዘይትም የለበትም፣ ስለዚህ መጀመሪያ እህል ተራ፣ ቀጥሎ አትክልት፣ ከዛ ባልትና፣ የቀረችውን ጥቂት ነገር ብቻ ከሱፐርማርኬት።

1. ከቤት ሳትወጡ ምን እንደምትበሉ ወስኑ

ዝርዝር ሳይዙ ገበያ መውጣት ብር መበተን ነው። ደግነቱ ያለ ዘይት የሚሰሩ ምግቦች ለኛ አዲስ አይደሉም። አዚፋ፣ ስልጆ፣ የተልባ ፍትፍት፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ንፍሮ፣ በሶ፣ ቂጣ፣ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን፣ እነዚህ ሁሉ ዘይት ሳያዩ ኖረዋል። ሽሮና ምስርም በትንሽ ብልሃት ይመጣሉ። ለሳምንት አራት አምስት ምግብ ምረጡና ከሱ ተነስታችሁ ጻፉ።

አንድ ነገር ግን አስቡበት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፣ ለአንድ ድስት ወጥ ደግሞ ስንት ማንኪያ እንደምንገለብጥ እናውቀዋለን። እሱን ስታወጡ ቦታውን በጥራጥሬ፣ በድንችና በእህል ካልሞላችሁት በሁለት ሰዓት ውስጥ ይርባችሁና ብስኩት ፍለጋ ሱቅ ትሄዳላችሁ፣ ብስኩቱ ውስጥ ደግሞ ያው ዘይቱ አለ። ስለዚህ ምስርና አተሩን ከለመዳችሁት ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ።

2. ጥራጥሬ፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ

አዳማ ለዚህ የታደለ ከተማ ነው። ጤፍና ሽምብራ ከምንጃር፣ ባቄላና አተር ከአርሲ ደጋ፣ ምስር ከነ አደአና ጨፌ ዶንሳ አካባቢ ይመጣል፣ ስለዚህ እህል ተራ ገብቶ ለሚጠይቅ ሰው ምርጫ ሞልቷል። ሸማቾች ሱቅና የእሁድ ገበያም አንዳንዴ ጥሩ ዋጋ ይገኛል፣ ግን ሁሌም ርካሽ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፣ መጀመሪያ ጠይቁ።

ዋጋ የሚጨምረው እጅ በገባበት ቁጥር ነው። ድፍኑ እህል ከክኩ ይረክሳል፣ ክኩ ከተፈጨው ይረክሳል፣ የተፈጨው ተመዝኖ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ ስም ከተጻፈበት ደግሞ በቃ። ድፍን ምስር ገዝቶ ቤት መቀቀል፣ ሽምብራና አተር ገዝቶ ቆልቶ ከስክሶ ወፍጮ ቤት መውሰድ ድካም አለው፣ ቢሆንም ብዙ ቤተሰብ ላለው ሰው ልዩነቱ ይታያል። ለብቻ የሚኖር ሰው ከጎረቤት ጋር ተዳብሎ ቢያስፈጭ ይሻለዋል፣ ለሁለት ኪሎ ሽሮ ወፍጮ ቤት ወረፋ መያዝ እኔ አይታየኝም። የምስር ክክ ከተወደደባችሁ ደግሞ የአተር ክክ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል፣ አልጫው በእርድና በዝንጅብል ያለ ዘይትም ያምርበታል።

ስትገዙ ከላይ ያለውን አይታችሁ አትመኑ፣ እጃችሁን ከጆንያው ውስጥ ጠለቅ አድርጉና ከስር ዝገኑ። መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ እዩት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነቀዝ ገብቶበታል፣ ዱቄት እጃችሁ ላይ ከቀረ እሱም የነቀዝ ምልክት ነው፣ የተጨማደደና የጠቆረ ከበዛ የቆየ ወይ ዝናብ ያገኘው ነው። አሽትቱት፣ የሻጋታ ጠረን ካለው ቢለምኗችሁም አትውሰዱ። ጠጠሩንም አስቡት፣ ኪሎ ላይ አብሮ ይመዘናል።

ስለ ጓያ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። በጣም የረከሰ ሽሮ ስታገኙ ውስጡ ጓያ ሊኖር ይችላል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር ሽባ የሚያደርግ ችግር ያመጣል፣ የማይድን ነው፣ ይሄ ወሬ ሳይሆን በሀገራችን በድርቅ ጊዜ በተደጋጋሚ የታየ ነው። ድፍኑን መለየት ቀላል ነው፣ እንደ አተር ክብ አይደለም፣ ጠርዝ ጠርዝ ያለው የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ነገር ነው። ተከክቶ ወይ ተፈጭቶ ሲመጣ ግን አይለይም። ለዚህ ነው ዘይት ትቶ በሽሮ ላይ የሚኖር ሰው ድፍኑን አይቶ ገዝቶ እንዲያስፈጭ፣ ካልቻለም ከሚያውቃት ባልትና እንዲገዛ የምመክረው።

ጊዜውንም እወቁበት። ባቄላና አተር ህዳርና ታህሳስ፣ ሽምብራ ደግሞ ጥርና የካቲት ላይ ይሰበሰባል፣ ብር ያለው ሰው ያኔ ጠቅለል አድርጎ ይገዛል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሁሉም ሰው ስለሚወጣ ዋጋው ይንቀሳቀሳል፣ 55 ቀን ሙሉ የሚጾም ቤት ዋዜማው ላይ ባይሸምት ጥሩ ነው።

3. ሽንኩርትና አትክልት

ያለ ዘይት ስትሰሩ ወጡን የሚይዘው ሽንኩርት ነው፣ ስለዚህ ከዘይት የተረፈው ብር የተወሰነው ወደ ሽንኩርት ይሄዳል፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። መቂ፣ ባቱና ቆቃ ቅርብ ስለሆኑ ሽንኩርትና ቲማቲም አዳማ ላይ ከብዙ ከተማ ቶሎ ይደርሳል፣ ክረምት ላይ ግን ሁለቱም ይወደዳሉ። ሽንኩርት አንገቱ የደረቀ፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ፣ ሲጫኑት የማይሰምጥ ይሁን። አንገቱ እርጥብ የሆነው ቤት ገብቶ ይበሰብሳል፣ የበቀለውም ክብደቱ ይሸውዳል እንጂ ለወጥ ብዙ አይሆንም።

ለመምረጥ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ለዋጋ ከሆነ ወደ አስራ አንድ ሰዓት ማታ ጉሊት ላይ ውረዱ፣ ቲማቲም ይዛ ማደር የማትፈልግ ሴት ትቀንሳለች። የላላ ቲማቲም ለሰላጣ ባይሆንም ለስልስ ምን ይላል፣ ዛሬውኑ የምትሰሩት ከሆነ እሱን ግዙ። በኦሮምኛ "ሜቃ?" ብላችሁ ከጀመራችሁ ጨዋታውም ይሞቃል፣ ካልሆነም ያው ነው፦

"እናቴ፣ ይሄ መደብ ስንት ነው?"
"ሃምሳ።"
"ኧረ የኔ እናት፣ ከስር ያለው ፈርጧል እኮ።"
"እሺ አንቺ ራስሽ ምረጪ፣ ቃሪያም እመርቅልሻለሁ።"

ዋጋ አልቀንስም ካለች ምርቃት ጠይቁ፣ ሁለት ቃሪያ ወይ አንድ እፍኝ ጎመን አትነፍግም። ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ጥቅል ጎመን፣ ዱባ ከያዛችሁ በቂ ነው፣ ሎሚ ግን እንዳትረሱ፣ ዘይት የሌለው ሰላጣና አዚፋ ነፍሱ ሎሚ ላይ ነው።

4. ባልትና

በርበሬ፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ፣ ሰናፍጭ። ትንሽ ትንሽ ግዙ፣ የቆየ ቅመም ሽታው ይጠፋል፣ ዘይት በሌለበት ደግሞ ሽታውን የሚሸፍንለት የለም። ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የሚሸጥ አዋዜና ድልህ ላይ ዘይት ሊገባበት ስለሚችል ጠይቁ። ጨው አዮዲን ያለውን ያዙ፣ በኪሎ እየተዘገነ ከሚሸጠው በላስቲክ የታሸገው ይሻላል።

5. አሁን ሱፐርማርኬት መግባት ይቻላል

እዚህ የምትፈልጉት ጥቂት ነው፣ ፓስታና ማካሮኒ፣ ሩዝ፣ አጃ፣ የቲማቲም ድልህ፣ ቴምር፣ ካሰኛችሁ የለውዝ ቅቤ። ሌላው መደርደሪያ ለናንተ አልተሰራም።

እሽጉን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። ዘይት በስንት ስም ይመጣል መሰላችሁ፣ ቬጀታብል ኦይል፣ ፓልም ኦይል፣ ሾርትኒንግ፣ ማርጋሪን፣ ቬጀታብል ፋት፣ ሁሉም ያው ነው። ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት የገባው ነው፣ ስለዚህ ዘይት ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ላይ ካያችሁት መልሱት። ብስኩትና ዋፈር ላይ ማየቱ አይደንቅም፣ ሰው የማይጠረጥረው ግን ኢንዶሚ ነው፣ ኑድሉ ከመታሸጉ በፊት በዘይት ተጠብሶ ነው የሚደርቀው፣ እናንተ በውሃ ብቻ ብትቀቅሉትም ዘይቱ ውስጡ ነው። ቡና ላይ የሚደረገው ክሬመር ዱቄትም አብዛኛው የፓልም ውጤት ነው። ፓስታ በአንጻሩ ስንዴና ውሃ ነው፣ እንቁላል የገባበትን ብቻ ለዩ። የለውዝ ቅቤ ለውዝና ጨው ብቻ የተጻፈበትን ፈልጉ፣ ከላይ ዘይት ቢንሳፈፍበት የራሱ የለውዙ ነው፣ በማንኪያ ማማሰል ነው።

ዋጋ ስታወዳድሩ እሽጉን ከእሽጉ ጋር ሳይሆን ኪሎውን ከኪሎው ጋር። ፓኬቶቹ ቁመታቸው እኩል ሆኖ አንዱ 400 ግራም ሌላው 500 ግራም ሊሆን ይችላል። እንበል 400 ግራሙ 60 ብር፣ 500 ግራሙ 70 ብር ቢሆን፣ አንደኛው ኪሎው በ150 ሁለተኛው በ140 መጣ ማለት ነው፣ ርካሽ የመሰለው ተወደደ። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ፣ አትፈሩ።

ቅናሽ ተብሎ የተለጠፈበት መደርደሪያ ላይ ቀኑን እዩ። የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከኛ ወር ጋር እንዳይምታታባችሁ። ጊዜው ሊያልቅ የቀረበ ፓስታ ወይ ሩዝ ላስቲኩ ካልተቀደደ ቶሎ ለሚበላው ሰው ጥሩ ግዢ ነው። የለውዝ ቅቤ፣ የተፈጨ ተልባና ያልተነፋ ዱቄት ግን የራሳቸው ቅባት ስላላቸው ሲቆዩ ይበላሻሉ፣ እነሱን በቅናሽ አትግዙ።

6. ዳቦና እንጀራ

እንጀራ ላይ ዘይት የለም፣ ምጣዱ የሚታሰስበትን ጎመን ዘር ካልቆጠራችሁት፣ እኔ አልቆጥረውም። የዳቦ ቤት ዳቦ ላይ ግን ሊጥ ውስጥም መጥበሻው ላይም ዘይት ሊኖር ስለሚችል ጋጋሪውን ጠይቁት። አምባሻም እንደዛው።

7. የቅባት እህል ትንሽ ይኑራችሁ

ዘይት መተው ማለት ቅባት ጨርሶ መተው አይደለም። ከካሮትና ከጎመን የምናገኘውን ቫይታሚን ኤ ሰውነት ለመውሰድ ትንሽ ቅባት ይፈልጋል፣ ለዚህ ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ ወይ ኑግ በእፍኝ መግዛት በቂ ነው። ለውዝ ስትገዙ የሻገተና የተጨማደደውን ለቅማችሁ ጣሉ፣ ሻጋታው መርዝ አለው፣ ቢቆሉት እንኳ አይጠፋም። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ይሄን አመጋገብ አታድርጉ፣ ቅባት ያስፈልገዋል። ጾም ሲፈታም ስጋና ወተት የማይነካ ሰው ቫይታሚን ቢ 12 ከአትክልት ስለማያገኝ ፋርማሲ ጠይቆ ይውሰድ።

8. ቤት ስትገቡ

ቁሌቱን ያለ ዘይት እንዲህ ነው፣ ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ በደረቅ ድስት መካከለኛ እሳት ላይ አድርጉት፣ ውሃውን ለቆ ይበስላል፣ ሊይዝ ሲል ብቻ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ። ወርቃማ ሳይሆን በርበሬ አትጨምሩ፣ በርበሬውም ውሃ እየጠጣ ረዘም ላለ ጊዜ ይብሰል፣ ጥሬ በርበሬ ያለ ዘይት ጉሮሮ ይከረክራል። ነጭ ሽንኩርቱን ከለመዳችሁት እጥፍ አድርጉት።

አስቀማመጥ ላይ የአዳማ ሙቀት አይምርም። ሽንኩርትና ድንች አንድ ዘንቢል ውስጥ አታኑሩ፣ ድንቹ ቶሎ ይበቅላል። ቲማቲም ፍሪጅ ከሌለ ከግንዱ በተቆረጠበት በኩል ደፍታችሁ ጥላ ቦታ ደርድሩት፣ አይደራረብ። ተልባ ሳይፈጭ ይቀመጥና ለሁለት ሦስት ቀን የሚሆነውን ብቻ ፍጩ። ምስርና አተሩን ደግሞ ጸሀይ አስመታችሁ፣ አብርዳችሁ፣ በደንብ በደረቀ ሃይላንድ ውስጥ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክዳኑን ጥብቅ፣ አየር ካላገኘ ነቀዝ አይራባም፣ ባለ ሁለት ሊትሩ ሃይላንድ ደግሞ ከልዋጭ ጋር ከመሄዱ በፊት አስቀምጡት።