የዩኒቨርሲቲ ክፍያን የሚገድብ የሕግ ሐሳብ እንዴት ይመዘናል?

መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ክፍያን ይገድብ ወይስ አይገድብ በሚለው ጥያቄ ላይ አቋም ከመያዝዎ በፊት፣ የቀረበው ሐሳብ በትክክል የትኛውን ክፍያ እንደሚገድብ ይለዩ፤ ሕጉ የመመዝገቢያን፣ የቤተ ሙከራንና የመኖሪያን ክፍያ ሳይነካ ካለፈ፣ ተቋሙ የቀረበትን ገቢ በእነዚህ በኩል ሊሰበስበው ይችላልና።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን በማስተማር ወጪውና በተገደበው ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። የማስተማር ወጪ ክፍያው ስለተገደበ ብቻ አይቀንስም፤ መንግሥት በጀት ካልጨመረ ተቋሙ የሚቀበላቸውን ተማሪዎች ቁጥር ለመቀነስ፣ የመምህራን ቅጥርን ለማቆም፣ ወይም ገደቡ የማይመለከታቸውን የውጭ አገር ተማሪዎች ለማብዛት ይገደዳል። በእንግሊዝ የክፍያው ጣሪያ፣ ማለትም ሊጠየቅ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓመት ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ ሲል፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያንኑ ወይም ወደዚያ የተጠጋ ክፍያ መጠየቃቸው፣ ጣሪያው ራሱ መደበኛ ዋጋ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለዓመታት 9,250 ፓውንድ ላይ ሲቆይ ደግሞ የዋጋ ንረት የመግዛት አቅሙን ሸረሸረው። ስለዚህ ጣሪያው በምን ደንብ እንደሚከለስ በሐሳቡ ውስጥ መጻፉን ያረጋግጡ።

ክፍያው መቼ እንደሚፈጸምም ይመልከቱ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የምትሠራበት ሥርዓት ተማሪው ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ በግብር በኩል እንዲከፍል ያደርጋል፤ ችሎታ ያለው ወጣት በገንዘብ እጦት ከትምህርት መቅረቱ ሊታገሡት የማይገባ በደል በመሆኑ፣ እኔ ለዚህ ነጥብ ከጣሪያው መጠን የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ። ገደቡ ሀብታሙንም ድኻውንም እኩል ስለሚጠቅም፣ ከጎኑ ለችግረኞች የኑሮ ድጎማ መመደቡን ሳይጠይቁ ድጋፍዎን አይስጡ።