ካንዴላ ለሚያጠቁር የድሮ አልፋ ሮሜዮና ፊያት

ሱሉልታና እንጦጦ አካባቢ የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና ያላችሁ፣ ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ከጠቆረ፣ ጭሱም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ለመቀየር አትቸኩሉ። ካርቡራቶሩ ዌበር የሚባለው ዓይነት ከሆነ ውስጡ ቤንዚን የምታሳልፍ ትንሽ የነሐስ ቡሎን አለች። ላይዋ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 120 ካለ ቀዳዳዋ 1.20 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። እሷን አውጥታችሁ 115 አስገቡ።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራቶሩ ግን ለቆላ አየር እንደተስተካከለ ቤንዚኑን ያፈሳል፤ ሞተሩ የሚታፈነው ለዚህ ነው። ከቀየራችሁ በኋላ ጥቂት ቀን ነድታችሁ ካንዴላውን እዩት። ፈካ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ እሰየው። ከነጣ ግን ቤንዚን አንሶታል፣ 120ዋን መልሱ።

አደራ፣ የድሮዋን እንዳትጥሏት! ወደ መተሐራና አዋሽ ስትወርዱ መልሳችሁ ግጠሟት። ቆላ ላይ በትንሿ ረጅም መንገድ መንዳት ሞተሩን ያግላል፣ ፒስተን እስከማቃጠልም ይደርሳል። ቀዳዳዋን በሽቦ መጎርጎርም አይሆንም፤ ትሰፋለች። በቤንዚን አጥቦ በአየር መንፋት ይበቃል።