በአሜሪካ ሆስፒታሎች የነበረውን የዘር መድልዎ ከቤተ መዛግብት እንዴት መመርመር ይቻላል?

የአሜሪካን ሕክምና የዘር መድልዎ በሙሉ ላጥና ብሎ የተነሳ ሰው በሰነድ ብዛት ግራ ይጋባል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ከተማ ይምረጡ። ለጀማሪ የምመክረው የሰሜን ካሮላይናዋን ግሪንስቦሮን ነው። የጥርስ ሐኪሙ ጆርጅ ሲምኪንስ ከሌሎች ጥቁር ሐኪሞችና ሕሙማን ጋር ሆኖ ሞዝስ ኮን እና ዌስሊ ሎንግ የተባሉትን ሆስፒታሎች በ1962 የከሰሰው እዚያ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጥሎ ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1963 ለከሳሾቹ የፈረደበትን ውሳኔ ያንብቡ፤ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ወደ ፍርዱ ከመሄድዎ በፊት ፍሬ ነገሩ ላይ ረጋ ይበሉ። በ1946 የወጣው የሂል በርተን የሆስፒታል ግንባታ ሕግ ለጥቁሮች ለብቻ "እኩል" አገልግሎት አለ እስከተባለ ድረስ፣ በዘር ለሚለዩ ሆስፒታሎች የፌዴራል ገንዘብ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። በዌስሊ ሎንግ የገንዘብ ማመልከቻ ላይ በአካባቢው ያሉ አንዳንድ ሰዎች በዘራቸው፣ በእምነታቸው ወይም በቀለማቸው ምክንያት ታካሚ ሆነው እንደማይገቡ በግልጽ ሰፍሯል። ማመልከቻውም ጸደቀ። መድልዎው በቢሮ ተጽፎ፣ ተመርምሮና በጀት ተይዞለት ይፈጸም እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። እንግዲህ ገንዘቡን ይከተሉ፦ ማን ጠየቀ፣ ማን ፈረመ፣ ስንት ተሰጠ?

የሰሜን ካሮላይና የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤቶች የቆዩ መዝገቦች የሚቀመጡት በብሔራዊ ቤተ መዛግብት የአትላንታ ቅርንጫፍ፣ በምድብ 21 (Record Group 21) ሥር ነው። የክፍለ ግዛቱን መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ለማግኘት ደግሞ በዋና ከተማዋ ራሌ ወዳለው የክፍለ ግዛቱ ቤተ መዛግብት ይሂዱ። (ከ1932 እስከ 1972 በጥቁር ወንዶች ላይ የተካሄደው የተስኪጊ የቂጥኝ ጥናት አስተዳደራዊ ሰነዶችም አትላንታ አሉ።) ከመሄድዎ በፊት ካታሎጉን ፈትሸው፣ የክሱን ስም፣ ፍርድ ቤቱንና ዓመቱን ጠቅሰው ለባለሙያዎቹ ኢሜይል ይላኩ። ካታሎጉ ውስጥ በዛሬ አጠራር ብቻ ከፈለጉ ብዙ ያመልጥዎታል፤ "ከለርድ" እና "ኒግሮ" የሚሉትን የዘመኑን ቃላትም ይሞክሩ፤ ለዓይን የሚከብዱ ቢሆኑም።

ንባብ ክፍል ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ነው፤ ማኅደሮቹም አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ቅደም ተከተላቸውን አያዛቡ፤ አንድ ደብዳቤ ከየትኛው ወረቀት ጋር ተያይዞ እንደተቀመጠ ማወቅ ራሱ ማስረጃ ነው። ፎቶ ሲያነሱ ሁልጊዜ ከሳጥኑና ከማኅደሩ መለያ ይጀምሩ።

የመንግሥት ወረቀት የሚናገረው በአስተዳዳሪዎች አንደበት ነው። የተገፉትን ለመስማት የጥቁሮችን ጋዜጦች ያገላብጡ፤ እንደ ቺካጎ ዲፌንደር ያሉትን። ጥቁር ሐኪሞች ከነጮቹ ማኅበር ስለተገለሉ በ1895 የራሳቸውን ብሔራዊ የሕክምና ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ከ1909 ጀምሮ ያሳተሙት መጽሔት ፐብሜድ ሴንትራል በተባለው የሕክምና ጽሑፎች ድረ ገጽ በነጻ ይነበባል። ዋሽንግተን የሚኖሩ ከሆነ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የሞርላንድ ስፒንጋርን የምርምር ማዕከል ይጎብኙ፤ የኛው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና ተምረው በ1935 የተመረቁት ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው።

የሕሙማን መዝገብ ካጋጠመዎት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሕግ የጤና መረጃን ሰውየው ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሕጉ ባይከለክልዎትም ስም አያውጡ፤ እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ የተነፈጉት ክብር ይበቃል።

ፍርዱ ላይ ሲደርሱም አያቁሙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 የሆስፒታሎቹን ይግባኝ ሳይቀበል ቀረ፤ በዚያው ዓመት የሲቪል መብቶች ሕግ ወጣ፤ በጁላይ 1966 ሥራ የጀመረው ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ደግሞ በዘር ለሚለይ ሆስፒታል ገንዘብ አልሰጥም አለ። የመረጡትን ሆስፒታል የ1962 እና የ1967 ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩ፦ የመኝታ ክፍሎቹ ተቀላቅለዋል? ጥቁር ሐኪም ታካሚውን ይዞ መግባት ችሏል? የቦርዱ አባላትስ እነማን ነበሩ?